ፒኪያክታ፦ ኢንካዎች ያልሠሯት ከተማ

በፔሩ ኩስኮ ከተማ የደረሰ እንግዳ ደጋግሞ የሚሰማው አንድ ስም ነው። መንገዱን የጠረገው ኢንካ፣ ግንቡን የካበው ኢንካ፣ ተራራውን በእርከን ያለበሰው ኢንካ ነው ይሉታል። ከኩስኮ በደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ግን፣ ሉክሬ የሚባለውን ረባዳ ቦታ ቁልቁል በሚያይ ተዳፋት ላይ፣ የኢንካ ግዛት ከመስፋፋቱ ስምንት መቶ ዓመት ያህል ቀድማ የተቆረቆረች የትልቅ ከተማ ፍርስራሽ አለ። ዛሬ ፒኪያክታ ትባላለች። የሠሯት ዋሪ የሚባሉት ሕዝቦች ናቸው። የእነሱ ሥራ ለረጅም ዘመን ለሌላ ሲሰጥ ኖሯልና ታሪኳን ከመነሻው ጀምሮ በቅደም ተከተሉ መተረክ ይገባል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከኩስኮ በስተምዕራብ፣ ዛሬ አያኩቾ በሚባለው አገር ነው። በመጀመሪያዎቹ የክርስትና ዘመን ምዕተ ዓመታት ዋርፓ የሚባሉ ገበሬዎች እዚያ ይኖሩ ነበር። አገሩ ደረቅ፣ መሬቱ ገደላገደል ስለሆነ ኑሯቸው የቆመው በእርከንና በመስኖ ቦይ ላይ ነበር። ከእነዚህ ገበሬዎች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አምባ ላይ፣ ተራ መንደሮች ቀስ በቀስ ተጋጥመው ዋሪ የምትባለው ከተማ ወጣች። የከተማዋ ሰዎች ከሌላው ለመማር አልኮሩም። ከምዕራቡ የባሕር ዳርቻ ከናስካዎች የሸክላ ቀለም ጥበብን ወሰዱ፤ በደቡብ በኩል በቲቲካካ ሐይቅ አጠገብ ከነበረችው ከቲዋናኩ ጋር ደግሞ በሁለት እጁ በትር የያዘውን አምላክ ምስል ተጋሩ። በስተኋላ ዋሪ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርባት፣ በረጃጅም የድንጋይ ግንቦች የተከፋፈለች ዋና ከተማ ሆነች።

በስድስተኛው ምዕተ ዓመት ደጋው ክፉ ዘመን ገጠመው። በ1983 አሜሪካዊው የበረዶ ተመራማሪ ሎኒ ቶምሰን ከኩስኮ በደቡብ ምሥራቅ ካለው የኬልካያ የበረዶ ግግር ላይ ረጅም የበረዶ አምድ ሰርስሮ አወጣ። በረዶው በየዓመቱ ተደራርቦ ስለተጋገረ፣ ንብርብሩ የአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል የዝናብ መዝገብ ሆነለት። ከ562 እስከ 594 ባሉት ዓመታት ንብርብሩ ቀጭን ነው። ይህም ሠላሳ ዓመት ያህል የቆየ ድርቅ ማለት ነው። ዝናብ ጠብቆ የሚያርስ ሁሉ ሲቸገር፣ ውሃን ከሩቅ ስቦ ገደል ላይ ማልማት የሚያውቅ ሕዝብ የሚፈለግ ዕውቀት ነበረው። ድርቅ ብቻውን መንግሥት አይመሠርትም፤ ዋሪዎች ግን በዚያ ዘመን የሚያበላ ጥበብ በእጃቸው ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም። አርኪዮሎጂስቷ ካታሪና ሽራይበር ካርዋራሶ በሚባል ሸለቆ ያጠናችው ይህንኑ ያሳያል። ዋሪዎች ሲገቡ የሸለቆው ጎን በእርከን ተሸፈነ፤ ከፍ ካለው የድንች አገር ላይ የነበሩት መንደሮች ወደ በቆሎው ቀበሌ ወረዱ፤ መሐል ላይ ደግሞ ሂንካሞኮ የተባለ ባለ አራት ማዕዘን የአስተዳደር ቅጥር ተተከለ።

ከ600 አካባቢ ጀምሮ ዋሪዎች ከአገራቸው ርቀው ወጡ። ጽሕፈት አልነበራቸውም፤ ሒሳባቸውን በክር ላይ ይቋጥሩ ነበር። ኪፑ የሚባለው ይህ የክር መዝገብ በዓለም የታወቀው በኢንካዎች ስም ቢሆንም፣ ዋሪዎች ባለ ቀለም ክር እየጠመጠሙ የሠሯቸው ኪፑዎች ከእነሱ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማሉ። ፈረስም ሆነ ጋሪ በአንዲስ አልነበረም። ዕቃው የሚጓዘው በላማ ጀርባና በሰው ትከሻ ነው። በዚህ አቅም በደቡብ ሞኬጓ ደርሰው፣ ሴሮ ባውል በሚባለው ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ራስ ላይ፣ በቲዋናኩ ሰዎች አፍንጫ ሥር ሰፈሩ። በሰሜን ዋማቹኮ ደርሰው ቪራኮቻፓምፓ የተባለችውን ከተማ ቀየሱ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ወደ ኩስኮ አገር ዘለቁ።

ወደ ሉክሬ የመጡት ቦታውን መርጠው ነው። ከዝቅታው ሐይቅ አለ፤ ዙሪያው ለበቆሎ የሚመች መሬት ነው፤ የቪልካኖታ ወንዝም ቅርብ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መንገዱ ነው። ከኩስኮ ሸለቆ ወደ ቲቲካካ ሐይቅ የሚወርድ መንገደኛ በዚህ ጠባብ በር ማለፍ ነበረበት። በሩን የያዘ ሰውን፣ ላማውንና ጭነቱን ሁሉ ያያል። ዋሪዎች ትንሽ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ራቅ ብሎ በሚገኘው ዋሮ በሚባል ስፍራም ሰፍረው ነበር። የመንግሥታቸውን ትልቅ ሕንፃ የጀመሩት ግን ከሐይቁ በላይ ባለው ተዳፋት፣ 3,250 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው።

የከተማዋ ዋና አካል አራት ማዕዘን ነው፤ 745 ሜትር በ630 ሜትር። በዙሪያው ያሉት ቅጥሮች ሲጨመሩ ሁለት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ውስጡ በአራት ክፍል ተከፍሎ ሰባት መቶ ያህል ሕንፃዎችን ይዟል። ይህ አራት ማዕዘን ያረፈው ሜዳ ላይ አይደለም። መሬቱ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ያጋድላል። ሌላ ሕዝብ ቢሆን ቤቱን እንደ መሬቱ አጣጥፎ በሠራ ነበር። ዋሪዎች ግን መስመሩን ካወጡ በኋላ አላጠፉትም። ግንቡ አቀበቱን ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ፍርስራሹ የተሰመረ ወረቀት ይመስላል። እዚህ የመሬቱ ጠባይ ለቅየሳው እንዲገዛ ተደርጓል። ከአያኩቾ የመጣ ሹም ይህን ሲያደርግ ለአገሬው ምን መልእክት እያስተላለፈ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

አንዱን ግንብ ቀርበን እንመልከተው። ድንጋዩ ያልተጠረበ የሜዳ ድንጋይ ነው፤ በጭቃ እየተያያዘ ተክቧል። ኢንካዎች የሚታወቁበት ምላጭ የማያስገባ ግጥምጥም እዚህ የለም። ዛሬ ድንጋዩ ራቁቱን ስለቆመ ሻካራና ድኻ ይመስላል፤ በዘመኑ ግን ማንም ድንጋዩን አያይም ነበር። በላዩ ጭቃ ተመርጎ፣ ከጭቃው በላይ ነጭ ጀሶ ተለስኖ ነበርና። ወለሉም እንዲሁ በጀሶ ተለስኗል። አንዳንዱ ግንብ እስከ 12 ሜትር ይደርስ ነበር። ቤቱ ሁለትና ሦስት ፎቅ ስለነበረ የፎቁ ወለል ያረፈባቸው እርከኖች እስከ ዛሬ በግንቡ ላይ ይታያሉ። በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ብርቱ ፀሐይ፣ ይህ ሁሉ ነጭ ግንብ ሲያበራ ከሐይቁ ማዶ የሚታየውን አስቡት።

ወደ ውስጥ የገባ ሰው ግን ብዙ አያይም። በውጪው ግንብ ላይ መስኮት የለም፤ መግቢያውም ጥቂት ነው። መንገዱ በሁለት ረጃጅም ግንቦች መካከል እንደ ቦይ የሚሄድ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ተላላፊው ከራሱ በላይ ሰማይ፣ ከፊቱ ግንብ ብቻ እያየ ይሄዳል። የየግቢው በር ሲከፈት መሐሉ ባዶ አደባባይ፣ ዙሪያውን ረጃጅም ቀጫጭን ክፍሎች የከበቡት ቤት ያገኛል። ይህ ግቢ ተመሳስሎ ብዙ ጊዜ ተደግሟል። የማን ግቢ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካልመራው እንግዳ ይጠፋል። ለእኔ ይህች ከተማ የተሠራችው ማን ወደየት እንዲገባ ለመወሰን ነው።

ውሃው ከሩቅ መምጣት ነበረበት። ዋሪዎች ቦይ እየቆፈሩ፣ ቦዩ ዝቅታ ሲያጋጥመው ድልድይ እየካቡለት አመጡት። ሩሚኮልካ የሚባለው ትልቅ ግንብ መጀመሪያ የዚህ የውሃ መንገድ አካል ነበር። የአካባቢው ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያወሩት አፈ ታሪክ አለ። ውሃ በሌላት ከተማ የምትኖር ልዕልት፣ ውሃ ላመጣልኝ ሰው ሚስት እሆናለሁ ብላ ጠያቂዎቿን አወዳደረች ይላሉ። ከተማዋ በውሃ ችግር እንደምትታሰብ ከዚህ በላይ የሚናገር የለም።

በግቢዎቹ ውስጥ ግብር ይበላ ነበር። ዋሪዎች የሚገዙት በበትር ብቻ አልነበረም። ያሠሩትን ሰው ያበላሉ፣ ያጠጣሉ። መጠጡ ቺቻ ነው፤ ከበቆሎ፣ እንዲሁም ሞዬ ከሚባለው ዛፍ ቀይ ፍሬ የሚጠመቅ ጠላ። ጠላው እንዴት ይጠመቅ እንደነበር በደንብ የታወቀው በሴሮ ባውል ነው። እዚያ በአንድ ጊዜ እያንዳንዳቸው 150 ሊትር ያህል የሚይዙ አሥራ ሁለት ጋኖች የሚጣዱበት የጠላ ቤት ተገኝቷል። ከወለሉ ላይ የሴቶች የኩታ መርፌዎች ተለቅመዋል። ስለዚህ ጠማቂዎቹ ሴቶች፣ ያውም የተከበሩ ሴቶች እንደነበሩ አጥኚዎቹ ያምናሉ። በ2022 የታተመ ጥናት ደግሞ በኪልካፓምፓ በተባለ የዋሪ ሰፈር ከሞዬው ፍሬ ጋር አእምሮን የሚለውጥ የቪልካ ፍሬ መገኘቱን አሳይቷል። ከሹሙ ዋንጫ የጠጣ ሰው ቀኑን በቀላሉ አይረሳም ነበር።

በፒኪያክታ ከግብር ቤቶቹ ሌላ የሚያስደንቁት ማዕዘናቸው የተድቦለቦለ፣ ግድግዳቸው በተርታ ጉድጓዶች የተበሳ ትልልቅ አዳራሾች ናቸው። ከወለላቸው ሥር መሥዋዕት ይቀበር ነበር። የሰው ራስ ቅሎች ሳይቀሩ ተገኝተዋል። የመሥዋዕቱ ሁሉ ቁንጮ ግን ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ድንጋይ የተቀረጹት ትንንሽ የሰው ምስሎች ናቸው። ከጣት የማይረዝሙ፣ አርባ አርባ እየሆኑ በሁለት ጉድጓድ የተቀበሩ ሰዎች። ቀራጩ ቆባቸውን፣ ቀሚሳቸውን፣ አቋቋማቸውን ለያይቶ ሠርቷል። ሁሉም የየራሱ ማዕረግና አገር ያለው ይመስላል። ምናልባት የዋሪ ቅድመ አያቶች፣ ምናልባትም ለዋሪ የገበሩ አለቆች ጉባኤ ነው። እኔ ሁለተኛውን እወዳለሁ። መንግሥቱ ሊሰበስባቸው የሚፈልገውን ሰዎች በመጀመሪያ በድንጋይ ሰብስቦ ከከተማው መሬት በታች አስቀመጣቸው ማለት ይሆናልና።

ዘመን አለፈ፣ ግንባታው ግን አላለቀም። የተወሰነው ክፍል ሰው ሲኖርበት ሌላው ገና እየተሠራ ነበር። በሰሜን ቪራኮቻፓምፓም እንዲሁ ሳትጨረስ ቀርታለች። ከ1000 ወዲህ ባለው መቶ ዓመት ውስጥ የዋሪ መንግሥት በየቦታው ተፈታ። በሴሮ ባውል ሰዎቹ የመጨረሻውን ጠላ ጠምቀው፣ ግብር በልተው፣ ጠላ ቤቱን በእሳት አነደዱት። የጠጡባቸውን ዋንጫዎች እሳቱ ውስጥ ወርውረው ሰበሩ። እሳቱ ሲበርድም ከአመዱ በላይ የአንገት ሐብሎች አኖሩ። በፒኪያክታ ደግሞ በሮች በድንጋይ ተደፈኑ። በር የሚደፍን ሰው ተመልሶ ለመምጣት የሚያስብ ነው፤ የሸሸ ሰው በር አይደፍንም። ነገር ግን አልተመለሱም። ከዚያም የከተማዋ እምብርት በእሳት ተቃጠለ። ዋና ከተማዋ ዋሪም ባዶ ሆነች።

በሉክሬ የቀሩት ሰዎች ከፒኪያክታ ፊት ለፊት በምትገኘው በቾኬፑኪዮ ሰፈሩ። ሙይናና ፒናዋ የሚባሉት የዚህ አካባቢ አለቆች ኩስኮን ለረጅም ጊዜ ሲቃወሙ ኖረው በመጨረሻ በኢንካዎች ተሸነፉ። ኢንካዎች የዋሪን ከተማ አላፈረሱም፣ አልኖሩባትምም። ሩሚኮልካን ግን ወደዱት። የዋሪን ሻካራ ግንብ በሚገባ በተጠረበ ጥቁር ድንጋይ አልብሰው የኩስኮ መግቢያ በር አደረጉት። ወደ ደቡብ የሚሄደው የንጉሡ መንገድም በዚያ አለፈ።

እስፓኛውያን ከመጡ በኋላ ጸሐፊው ፔድሮ ሲዬሳ ዴ ሌኦን በአያኩቾ በኩል ሲያልፍ ዋሪን አየ። በ1553 በታተመው መጽሐፉ ላይ እነዚህ ሕንፃዎች የኢንካ ሊሆኑ አይችሉም፣ አሠራራቸውም ዕድሜያቸውም ሌላ ነው ብሎ ጻፈ። ይህ ሰው ያለ ቁፋሮ፣ ያለ መሣሪያ፣ በዓይኑ ብቻ እውነቱን ማየቱ ሊመሰገንበት ይገባል። የሚያሳዝነው ሰሚ ማጣቱ ነው። በ1609 ጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋ፣ እናቱ ከኢንካ ቤተ መንግሥት የሆነችው የኩስኮ ተወላጅ፣ ከኢንካዎች በፊት የነበሩትን ሕዝቦች ሕግና ሥርዓት የማያውቁ አድርጎ ጻፈ። ተወልዶ ካደገበት ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ላይ ፒኪያክታ ቆማ ነበር። ዓለም የተቀበለው ግን የእሱን ነው።

ሦስት መቶ ዓመት ያህል እንዲህ አለፈ። በ1927 ከፒኪያክታ መሬት ውስጥ አረንጓዴዎቹ ምስሎች ወጡ፤ ሉዊስ ቫልካርሴልም በ1933 ስለ እነሱ አሳተመ። በ1931 ታላቁ ፔሩዊ አርኪዮሎጂስት ሁሊዮ ቴዮ ዋሪን ጎበኘ። በ1950 አሜሪካዊው ዌንደል ቤኔት እዚያ ቆፈረ። ከዚያ ወዲህ ዋሪ የራሱ ስም ያለው መንግሥት መሆኑ እየታወቀ መጣ። እንዲያም ሆኖ በ1959 አርክቴክቱ ኤሚሊዮ ሃርት ቴሬ ስለ ፒኪያክታ ሲጽፍ የኢንካ መንግሥት የእህል ጎተራ ከተማ አድርጎ ነበር። በአንደኛው ክፍል አምስት መቶ የሚያህሉ ትንንሽ ክፍሎች በረድፍ ተደርድረው ስላገኛቸው ጎተራ መሰሉት።

በ1978 አሜሪካዊው ጎርደን ማክዩዋን ቁፋሮ ጀመረ። ከእነዚያ ትንንሽ ክፍሎች ውስጥ ያገኘው ምድጃና የማድ ቤት ጥራጊ ነበር። ጎተራ ውስጥ እሳት የሚያነድ የለም፤ ሰው ኖሮባቸዋል ማለት ነው። የተቃጠለውን እምብርት፣ የተደፈኑትን በሮች፣ ያላለቁትን ክፍሎች ያሳየን እሱ ነው። በአያኩቾ በኩል ግን ሥራው ተሰናከለ። በግንቦት 1980 ሴንዴሮ ሉሚኖሶ የሚባለው የሽምቅ ጦር ጦርነቱን በዚያው ክፍለ ሀገር ከፈተ። በዋሪ ይቆፍር የነበረው ዊሊያም ኢዝቤልና ባልደረቦቹ ሥራቸውን አቋረጡ። የዋሪ ዋና ከተማ ከታናሽዋ ከፒኪያክታ ያነሰ የተጠናባቸው ዓመታት የተከተሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ብራያን ባወር፣ አላን ኮቪና ሌሎችም ከሉክሬ ወጣ ብለው የኩስኮን መንደሮች ሲፈትሹ የዋሪ እጅ ብዙም አላገኙም። ገበሬው እንደ ድሮው ኖሯል፣ ሸክላውን እንደ ድሮው ሠርቷል። ታዲያ ይህን የሚያህል ከተማ ማንን ለማስተዳደር ተሠራ? እኔ የሁለቱንም ወገን ማስረጃ እቀበላለሁ። ፒኪያክታ ዋሪዎች ሊገዙ ላሰቡት አገር የተቀየሰች ናት፤ የገዙት ካሰቡት አነሰ። ሳትጨረስ የቀረችውም ለዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን በዚህች ከተማ የታየው የአገዛዝ ዘዴ፣ ማለትም የክር መዝገቡ፣ የሥራ ግዳጁ፣ ግብሩ፣ እርከኑና ከሩቅ የሚመጣው ትእዛዝ፣ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ በዚያው በኩስኮ አገር እንደገና ተነሥቶ ኢምፓየር ሆነ። ኢንካዎች ታላቅ ነበሩ፤ ጀማሪዎች ግን አልነበሩም።

ከአረንጓዴዎቹ ምስሎች አንዳንዶቹን ማየት የሚፈልግ ኩስኮ በሚገኘው የኢንካ ቤተ መዘክር ያገኛቸዋል። ፒኪያክታ ደግሞ የኩስኮን ታሪካዊ ስፍራዎች ለመጎብኘት በሚሸጠው የጋራ ትኬት ውስጥ ተካታለች። ብዙ ቱሪስት ትኬቱን ገዝቶ ወደዚያ ሳይሄድ ይመለሳል። አንባቢዬ፣ አንድ ቀን ኩስኮ ብትደርሱ ግማሽ ቀን ስጧት። ስትመለሱም ሩሚኮልካ ላይ ወርዳችሁ ግንቡን በቅርብ ተመልከቱ። የውጪው ልብስ የኢንካ ነው፤ ውስጡ ያለው ሻካራ ድንጋይ የዋሪ ነው።